ከመጠን በላይ ወፍራም ታካሚን ከሙሉ ሰመመን በፊት በኦክስጅን መሙላት፦ ጎጃም ውስጥ ለሚሠሩ የሰመመን ባለሙያዎች

ቁመታቸው 1.60 ሜትር፣ ክብደታቸው 105 ኪሎ የሆነ ታካሚ ቢኤምአያቸው (ክብደት በቁመት ካሬ ተካፍሎ) 41 ነው። በደንብ ፕሪኦክስጅኔት ተደርገው (ሳንባቸው ቀድሞ በኦክስጅን ተሞልቶ) እንኳ ጡንቻ ማላያው ገብቶ ትንፋሻቸው ከቆመ በኋላ ሳቹሬሽናቸው (የደማቸው ኦክስጅን መቶኛ) 90 ለመድረስ 3 ደቂቃ አይፈጅም። መካከለኛ ክብደት ያለው ጤነኛ ጎልማሳ በዚሁ ሁኔታ 6 ደቂቃ ያህል ይቆያል። እነዚህ ቁጥሮች ከፍታ በሌለባቸው ከተሞች የተለኩ ናቸው። ደብረ ማርቆስ ወይም እንጅባራ ላይ ደግሞ ከዚያም ያጥራል፤ ምክንያቱን ወዲያው እናያለን። ስለዚህ ይህ መመሪያ ከቱቦው ይልቅ በማስኩ ላይ ያተኩራል። ቱቦ ማስገባት ሲያስቸግር የሚያስፈልገው ጊዜ የሚገኘው መድኃኒቱ ከመወጋቱ በፊት ነውና።

ኦክስጅኑ ለምን ቶሎ ያልቃል

ሰው ተንፍሶ ሲጨርስ ሳንባው ውስጥ የሚቀረው አየር፣ ኤፍአርሲ የምንለው፣ ትንፋሽ ሲቆም ደም እየቆነጠረ የሚበላበት ጎተራ ነው። ጎልማሳ ሰው ቆሞ ሲለካ 2.5 ሊትር አካባቢ ይሆናል። ሲጋደም ይቀንሳል። ሆድ ውስጥ ያለው ስብ ድያፍራሙን ወደ ደረት ሲገፋው የበለጠ ይቀንሳል። ሰመመን ሲገባ መካከለኛ ክብደት ካለው ሰው ላይ አንድ አምስተኛውን ያህል ይወስዳል፤ በጣም ወፍራም ከሆነው ላይ ግን ግማሹን ያህል። በዚያ ላይ ከሳንባው በታችኛው ክፍል ያሉት ትንንሽ የአየር ቱቦዎች ስለሚከደኑ ደሙ ኦክስጅን ሳይነካው ያልፋል። የሰውነቱ ፍጆታ ደግሞ ከፍ ያለ ነው፤ 250 ሚሊ ሊትር በደቂቃ የምንለው የመካከለኛ ሰው ቁጥር እዚህ 300 እና ከዚያ በላይ ይሆናል።

ከፍታው የሚጨምረው ችግር ብዙ ጊዜ ይረሳል። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የአየር ግፊቷ ወደ 615 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ነው። ደብረ ማርቆስ በ2,450 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ግፊቷ ወደ 570 ይወርዳል። ባሕር ወለል ላይ 760 ነው። ከእነዚህ ላይ ሳንባ ውስጥ ያለውን የውሃ እንፋሎት ግፊት 47 ስንቀንስ፣ በንጹሕ ኦክስጅን የተሞላ ሳንባ ባሕር ዳር ላይ የሚይዘው የባሕር ወለሉን 80 በመቶ ገደማ፣ ደብረ ማርቆስ ላይ 73 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ሞኒተሩ ላይ የሚታየው መቶኛ አንድ ዓይነት ሊሆን ይችላል፤ ውስጡ ያለው ኦክስጅን ግን ያነሰ ነው።

በቁጥር እንየው። የተኛው ታካሚ ኤፍአርሲ 1 ሊትር ቀርቷል፣ በ90 በመቶ ኦክስጅን ተሞልቷል፣ ሰውነቱም በደቂቃ 300 ሚሊ ሊትር ይበላል እንበል። የሳንባው ክምችት ብቻ ቢታሰብ፣ የእንፋሎቱና የሰውነት ሙቀቱ ድርሻ ተቀንሶ፣ ባሕር ወለል ላይ ለ2 ደቂቃ ተኩል ይበቃል፤ ደብረ ማርቆስ ላይ 2 ደቂቃ አይሞላም። ያንኑ ታካሚ የክፍሉን አየር እንደተነፈሱ ብናስተኛቸው ደግሞ ሳንባው የያዘው ለ20 ሰከንድ እንኳ አይበቃም። “ሳቹሬሽናቸው 95 ነው፣ ደህና ናቸው” ብሎ ቶሎ መድኃኒት መግፋት አደገኛ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ታካሚው ኦአር (የቀዶ ሕክምና ክፍል) ከመግባታቸው በፊት

የመጀመሪያው ጥያቄ ሙሉ ሰመመን የግድ ነው ወይ የሚለው ነው። ለቀዶ ወሊድ፣ ለሄርኒያ፣ ለእግር ቀዶ ሕክምና ስፓይናል (በጀርባ በኩል በመርፌ የሚሰጥ ማደንዘዣ) የሚሆን ከሆነ ከላይ ያለው ስሌት ሁሉ ይቀራል። ቀጠሮ ያለውና አስቸኳይ ያልሆነ ሥራ ከሆነ፣ ሞጣ ወይም ቡሬ ላይ ደግሞ ሁለተኛ የሰመመን ባለሙያና ካፕኖግራፊ (ከትንፋሽ የሚወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚለካው) ከሌለ፣ ወደ ባሕር ዳር ወይም ደብረ ማርቆስ ሪፈር ማለት አያሳፍርም።

የግድ ከሆነ እንቅልፋቸውን ጠይቁ። ጎን ለጎን የሚተኙትን ብትጠይቁ ይሻላል፤ ታካሚው “አላንኮራፋም” ሊሉ ይችላሉ። ማንኮራፋት፣ በእንቅልፍ ትንፋሽ መቆረጥ፣ ቀን ቀን ማንቀላፋት፣ የደም ግፊትና ወፍራም አንገት ሲደመሩ በእንቅልፍ የአየር መንገድ የሚዘጋባቸው መሆኑን ጠርጥሩ። እንዲህ ላሉት ዋርድ ውስጥ ዳያዚፓም አይሰጥ። ኦአር የሚደርሱት ነቅተው እንጂ አንቀላፍተው መሆን የለበትም።

ቁጭ ብለው የክፍሉን አየር እየተነፈሱ ሳቹሬሽናቸውን መዝግቡ። ደብረ ማርቆስ ላይ 93 ወይም 94 ያለው ጤነኛ ሰው አያስደንቅም፤ ከ90 በታች ከሆነ ግን ከፍታው ብቻ አያብራራውም፤ ሳንባውንና ልቡን ፈትሹ፣ ከውፍረቱ የተነሣ በቂ ትንፋሽ የማይተነፍሱ መሆኑንም አስቡ።

ከዚያ በአገራችን የሚያጋጥሙ፣ በውጭ መጻሕፍት ውስጥ የማታገኟቸው ነገሮች አሉ፦

ቅቤ የተቀባ ፀጉር። ቅባትና ኦክስጅን እሳት ይወዳሉ፤ ዳያተርሚ (በኤሌክትሪክ የሚቆርጠው መሣሪያ) በሚሠራበት ክፍል በተለይ። ፀጉሩ በሳሙና ይታጠብ፤ አስቸኳይ ከሆነ በደንብ ተጠርጎ በእርጥብ ጨርቅ ይሸፈን። ቅቤው የማስኩን ማሰሪያም ያንሸራትታል። ወደ ኋላ የተጠቀለለ ሹሩባ ካለ ጭንቅላቱን ወደ ፊት ስለሚገፋው ይፈታ ወይም ወደ ጎን ይዛወር።

እንሶስላ ወይም ሂና የተቀባ ጥፍር። ቀለሙ ሲጠቁር የኦክሲሜትሩ ብርሃን በትክክል አያልፍም። ያልተቀባ ጣት ፈልጉ፣ ከሌለ የጆሮ ጫፍ ተጠቀሙ። ድድ ላይ ንቅሳት ካለ ደግሞ መጥቆሩን ከኦክስጅን ማነስ ጋር አታምታቱት፤ ምላስን ተመልከቱ።

ጢም። ቄስ ሆነው ጢማቸውን ተላጩ አይባሉም። ማስኩ የሚያርፍበትን ቦታ በውሃ የተሠራ ጄል ቀቡት፣ ወይም ጢሙን በሚጣበቅ ግልጽ ፕላስቲክ ሸፍናችሁ ለአፍና ለአፍንጫ ብቻ ክፈቱ። ቫዝሊን አይሆንም፤ ከኦክስጅን ጋር አብሮ አይኬድም።

ማተብ አይቆረጥም፣ ወደ ጎን ተደርጎ በፕላስተር ይያዛል። አንገት ላይ እንቅርት ካለ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው፤ ተኝተው ይታፈኑ እንደሆነ ጠይቁ፣ መተንፈሻ ቱቦው ወደ የት እንደተገፋ እዩ፣ ብቻችሁን አትጀምሩ።

በመጨረሻም ቁጭ ባሉበት ከታይሮይድ ካርቲሌጅ በታች ያለውን ክሪኮታይሮይድ ቦታ በጣት ፈልጋችሁ በማርከር ምልክት አድርጉበት። ሳቹሬሽን እየወረደ ወፍራም አንገት ላይ መፈለግ ከባድ ነው።

ማሽኑና ኦክስጅኑ

በሲሊንደር የምትሠሩ ከሆነ ሒሳቡ ቀላል ነው፦ የሲሊንደሩ የውሃ መጠን በሊትር ሲባዛ በጌጁ ባር። ባለ 40 ሊትሩ 150 ባር ላይ 6,000 ሊትር ይይዛል፤ 50 ባር ላይ 2,000። የቬንቲሌተሩን ቤሎውስ (ወናፍ) የሚገፋው ኦክስጅን ከሆነ ከፍሰት መለኪያው በላይ በደቂቃ ሌላ 7 እስከ 10 ሊትር ይሄዳል፤ ይህን የማይቆጥር ሰው በኦፕሬሽኑ መሃል ሲሊንደር ሲቀየር ያያል። ለእንዲህ ዓይነት ታካሚ ጌጁ ከ50 በታች ከሆነ ሁለተኛ ሲሊንደር ተያይዞ ካልተዘጋጀ በስተቀር አትጀምሩ። ቫልቩን የሚከፍት ሰው እጁ ላይ ቅባት አይኑር፤ ቀስ ብሎም ይክፈት።

አንዳንድ ቦታ ኦክስጅን ለመቆጠብ ተብሎ ፕሪኦክስጅኔሽን በ5 ወይም 6 ሊትር ይሠራል። ይህ የተሳሳተ ቁጠባ ነው። 5 ደቂቃ ሙሉ በ15 ሊትር ብትሰጡ 75 ሊትር ነው፤ ከባለ 40 ሊትሩ ሲሊንደር 2 ባር አይሞላም።

ኮንሰንትሬተር፣ ከክፍሉ አየር ኦክስጅን የሚያጣራው ማሽን፣ 90 እስከ 96 በመቶ ኦክስጅን ይሰጣል፣ እንደ ዓይነቱም በደቂቃ 5 ወይም 10 ሊትር። ግፊቱ ዝቅተኛ ስለሆነ የማሽኑን ፍላሽ (ኦክስጅን በአንዴ በብዛት የሚለቀቅበትን) አይሞላም። መብራት ሲጠፋም ይቆማል። ለወፍራም ታካሚ ብቸኛ ምንጭ አታድርጉት፤ ለሁለተኛ ምንጭነት ግን ግሩም ነው፣ ከታች እንመለስበታለን።

የኦክስጅን አናላይዘር ካለ በራሳችሁ ከተማ ከፍታ ላይ በክፍሉ አየር 21 እንዲያነብ አስተካክሉት። ብዙዎቹ ሴንሰሮች የሚለኩት ግፊትን ነው፤ ባሕር ወለል ላይ ተስተካክሎ የመጣ ሴንሰር ደብረ ማርቆስ ላይ ንጹሕ ኦክስጅንን 75 ብሎ ሊያነብ ይችላል። ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ኦክስጅን መሆኑንም የሚነግራችሁ ይህ እንጂ የጠርሙሱ ቀለም አይደለም።

የማሽኑን ሊክ ፈትሹ፦ የማስኩን ጫፍ በመዳፍ ዝጉ፣ ኤፒኤል ቫልቩን (ትርፍ ግፊት የሚያስወጣውን) ዝጉ፣ በፍላሽ 30 ሴንቲ ሜትር ውሃ አድርሱና ፍሰቱን ዝጉ። 10 ሰከንድ ሳይወርድ መቆየት አለበት። ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚመጥጠው ሶዳላይም ቀለሙ ከተለወጠ ቀይሩት። አምቡ ባግ (በእጅ የሚጨመቀው ማስተንፈሻ) ከሪዘርቯሩና ከሁለተኛ የኦክስጅን ምንጭ ጋር አጠገባችሁ ይሁን፤ ማሽኑ ቢከዳችሁ የምትይዙት እሱን ነው።

ሰክሽን በርቶ ትራሱ ስር። ቡጂ (ቱቦውን የሚመራ ቀጭን ዘንግ)፣ ሁለት ላሪንጎስኮፕ፣ ኤልኤምኤ (ማንቁርት ላይ የሚያርፍ ማስክ) ቁጥር 4 እና 5፣ የአፍ ኤርዌይ፣ ስካልፔል እና ቁጥር 6 ቱቦ በአንድ ትሪ ላይ።

አቀማመጥ

ከዚህ ሁሉ ውስጥ ገንዘብ የማይጠይቀው፣ ውጤቱም የሚታየው ይህ ነው። ጭንቅላትና ደረትን 25 ዲግሪ ከፍ አድርጎ ፕሪኦክስጅኔት ማድረግ ተጋድመው ከሚደረገው ጋር ሲነጻጸር ሳቹሬሽን እስኪወርድ ወደ 45 ሰከንድ ያህል ይጨምራል። ሆዱ ወደ ታች ይወርዳል፣ ድያፍራሙም ይላቀቃል።

የተዘጋጀ የራምፕ ትራስ የለም ብሎ መተው አይገባም። የተጣጠፉ ብርድ ልብሶችና ታካሚው ይዘው የመጡት ንጹሕ ጋቢ ይበቃሉ። ከመሃል ጀርባ ጀምራችሁ ወደ ትከሻና ጭንቅላት እየወፈረ የሚሄድ ተዳፋት ሥሩ። ትክክል መሆኑን የምታውቁት ከጎን ቆማችሁ ስታዩ ነው፦ የጆሮው ቀዳዳና የደረት አጥንቱ ጉድጓድ በአንድ አግዳሚ መስመር ላይ መሆን አለባቸው፤ ፊቱም ከጣሪያው ጋር ትይዩ ሆኖ ይታያል። ጭንቅላቱን ብቻ በትራስ ከፍ ማድረግ አይበቃም፤ አገጩን ደረቱ ላይ ይጥለዋል፣ ማስክ መያዝንም ያከብዳል።

ብርድ ልብስ ካነሰ ሙሉውን አልጋ ከራስጌ በኩል 25 እስከ 30 ዲግሪ አንሡ፣ እግር ሥር መደገፊያ አድርጉ፣ ወገባቸውንም በማሰሪያ ያዙ። የአልጋውን የክብደት ጣሪያ ከሳህኑ ላይ አንብቡ፤ አንዳንዶቹ የቆዩ አልጋዎች 135 ኪሎ ብቻ ይችላሉ። ለእርጉዝ ታካሚ ራምፑ ላይ በተጨማሪ ወገባቸውን በግራ በኩል 15 ዲግሪ አዘንብሉ። እርግዝናና ውፍረት ሲገናኙ ከሁሉም ያነሰ ጊዜ የሚሰጡ ታካሚዎች እነዚህ ናቸው።

የደም ግፊት መለኪያው የላይኛው ክንድ ላይ ካልበቃ ከክርን በታች እሰሩ። ራስጌ ከፍ ብሎ ሰመመን ሲገባ ግፊት ይወርዳልና ፍሉይድ ክፍት ይሁን፣ ኢፌድሪን ወይም አድሬናሊን ተበጥብጦ ይቀመጥ።

ሥራው፣ በቅደም ተከተል

1. ሰርኪዩቱን በፍላሽ ሙሉ፤ ባጉ ውስጥ አየር አይቅር። ፍሰቱን 15 ሊትር ላይ አድርጉ። ቢያንስ ታካሚው በደቂቃ ከሚተነፍሱት መብለጥ አለበት፤ ካነሰ ያወጡትን ናይትሮጅን መልሰው ይስባሉ።

2. ከማስኩ በፊት ንግግር። “እማማ፣ ይቺ ማስክ ንጹሕ ኦክስጅን ናት። ትንሽ ታፍናለች እንጂ አትጎዳዎትም። በረዥሙ ይሳቡ፣ እስከ መጨረሻው ያውጡ። ሲጨንቅዎ እጄን ይጫኑኝ፣ ማስኩን ግን አይግፉት።” ይህ 20 ሰከንድ የሚፈጅ ንግግር ብዙ ማስክ መግፋትን ያስቀራል።

3. ማስኩን በሁለት እጅ፣ አገጩን ወደ ፊት እየሳባችሁ ያዙ። ፊት ላይ ሳይነካ ከላይ “ማንዣበብ” ፕሪኦክስጅኔሽን አይባልም፤ ጣት የምታህል ክፍተት የሚስቡትን ኦክስጅን በጣም ታቀጥነዋለች። ሁለት ምልክቶችን እዩ፦ ባጉ ከእያንዳንዱ ትንፋሽ ጋር ይኮማተራል ይነፋል፤ ካፕኖግራፉም ጣሪያ ያለው ቅርጽ ያሳያል። ባጉ ዝም ካለ እየተነፈሱ ያሉት የክፍሉን አየር ነው።

4. ሰዓት የሚቆጠረው ማስኩ ከተጣበቀበት ቅጽበት ነው። በመደበኛ ትንፋሽ ቢያንስ 3 ደቂቃ፤ ለወፍራም ታካሚ 5 እንመርጣለን። አስቸኳይ ከሆነ በ60 ሰከንድ ውስጥ 8 ረዣዥም ትንፋሾች፣ ፍሰቱ ከ10 ሊትር ሳያንስ።

5. ኤፒኤል ቫልቩን ቀስ በቀስ እየዘጋችሁ የግፊት መለኪያው በትንፋሽ ማውጫ ጊዜ ከ5 ተነሥቶ 10 ሴንቲ ሜትር ውሃ ላይ እንዲቆም አድርጉ። ይህ የተከደኑትን የሳንባ ክፍሎች ይከፍታል፤ ትንፋሽ ከቆመ በኋላም አንድ ደቂቃ ያህል ሊጨምር ይችላል። በማሽን የሚረዳ ፕሬሸር ሰፖርት ካለ ከዚሁ 5 እስከ 10 ጋር አያይዙት። በአንድ ጊዜ 10 ላይ አትዝለሉ፣ ታካሚው ይደነግጣሉ። ማሽኑ ይህን የማይፈቅድ ከሆነ አምቡ ባግ ላይ የፒፕ ቫልቭ (በትንፋሽ ማውጫ ጊዜ ግፊት የሚይዝ) ይገጠማል።

6. የሚወጣውን ኦክስጅን የሚለካ ሞኒተር ካላችሁ ግቡ 90 በመቶ ነው። ከፍታችን ላይ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ከግፊቱ የሚወስደው ድርሻ ስለሚበልጥ ጣሪያው ራሱ 93 አካባቢ ነው፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በተጠራቀመባቸው ታካሚዎች ላይ 90 ራሱ ጣሪያው ይሆናል። 80 ላይ ቆሞ አልነሣም ካለ ሊክ ፈልጉ። በኮንሰንትሬተር ብቻ የምትሠሩ ከሆነ ከ85 ብዙ አትጠብቁ።

7. ሳቹሬሽን 100 መሆኑ ለመጀመር ምክንያት አይደለም። ደሙ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ይሞላል፤ ሳንባው ውስጥ ግን ገና ናይትሮጅን ሊቀር ይችላል።

8. መድኃኒቱ ሲገፋ ማስኩ ከፊት አይነሣ። ለአንድ “ቆይ እስቲ” ማስክ አንሥቶ ታካሚውን ሁለት ጊዜ የክፍሉን አየር ማስሳብ የሠራችሁትን ብዙውን ያፈርሰዋል። ከተነሣ ቢያንስ አንድ ደቂቃ ጨምሩ።

ስለ መድኃኒቱ በአጭሩ፦ ፕሮፖፎልና ኬታሚን ስብ በተቀነሰበት ክብደት፣ ሳክሲኒልኮሊን በሙሉ ክብደት 1 ሚሊ ግራም በኪሎ። ሮኩሮኒየም ካለ 1.2 ሚሊ ግራም በኪሎ፣ ቁመታቸው በሚፈቅደው ክብደት። ቬኩሮኒየም ለመጀመር ቀርፋፋ ነው፤ የሚጠፋው ጊዜ ደግሞ ከጎተራው የሚወጣ ነው። “ሳክስ ቶሎ ይለቃል፣ ራሳቸው ይተነፍሳሉ” የሚለው ተስፋ ለእነዚህ ታካሚዎች አይሠራም፤ ሳክስ ከመልቀቁ በፊት ሳቹሬሽኑ ይወድቃል።

በአፍንጫ በኩል፣ ትንፋሽ ቆሞ ሳለ

ላሪንጎስኮፕ አፍ ውስጥ ሳለ ኦክስጅን በአፍንጫ መፍሰሱን ከቀጠለ ሳንባው እየሳበ ይወስደዋል፤ ደም ኦክስጅን ሲወስድ የሚፈጠረው የግፊት ማነስ ነው የሚስበው። ለዚህ ሁለተኛ ምንጭ ያስፈልጋል፤ ኮንሰንትሬተሩ ሥራ የሚያገኘው እዚህ ላይ ነው። ማሽኑ በሲሊንደር፣ የአፍንጫው ካኑላ በኮንሰንትሬተር።

ካኑላውን ከማስኩ በፊት አድርጉት። ነቅተው ሳለ 5 ሊትር፤ ሲተኙ ምንጩ ከቻለ እስከ 15። ቱቦው በማስኩ ጠርዝ ሥር ሲያልፍ ሊክ ይፈጥራል፤ ባጉ መኮማተር ካቆመ ካኑላውን አውጥታችሁ ልክ መድኃኒቱ እንደተገፋ መልሳችሁ አስገቡት። የአየር መንገዱ ካልተከፈተ የትም አይደርስም፤ ስለዚህ ረዳቱ አገጩን ወደ ፊት ስቦ ይይዛል። ይህ ፍሰት ካርቦን ዳይኦክሳይዱን አያወጣውም፤ ከመጀመሪያው ደቂቃ በኋላ በየደቂቃው 3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ እየጨመረ ይሄዳል። በደቂቃ እስከ 70 ሊትር የሚሰጠው ሞቃትና እርጥብ የአፍንጫ ፍሰት ካላችሁ ከዚህ ይሻላል፤ ሲሊንደርን ግን በፍጥነት ይጨርሳል።

ሲበላሽ

ማስክ የሚገፋ፣ የሚደናገጥ ታካሚ። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ፍሰት ማነስ ወይም የተዘጋ ኤፒኤል ነው፤ መጀመሪያ ያንን እዩ። ራሳቸው ማስኩን በእጃቸው እንዲይዙ ማድረግ ይረዳል። ከኦክስጅን ማነስ የተነሣ የተረበሹ ከሆነ ኬታሚን 1 ሚሊ ግራም በኪሎ ስብ በተቀነሰበት ክብደት፣ ቀስ ተብሎ ተሰጥቶ፣ ትንፋሻቸው ሳይቆም 3 ደቂቃ ኦክስጅን ይሰጣል፤ ጡንቻ ማላያው ከዚያ በኋላ። ይህን ልምድ ያለው ሰው ይሥራው።

ከመድኃኒቱ በኋላ ሳቹሬሽን ቶሎ መውረድ። ጣት ላይ የምታዩት ቁጥር ከሳንባው 30 ሰከንድና ከዚያ በላይ ወደ ኋላ የቀረ ነው። 94 ሲል አቁማችሁ በማስክ ኦክስጅን ስጡ፤ 90 ሲል ብትነቁ ከዚያም 80ን ታያላችሁ። ጾመው ለመጡ ታካሚዎች ጡንቻ ማላያው እስኪሠራ በማስክ በዝግታ ማስተንፈስ ጥሩ ነው፦ ሁለት እጅ ማስክ ላይ፣ ሌላ ሰው ባጉን፣ የአፍ ኤርዌይ ገብቶ፣ የመግፊያው ግፊት ከ15 ሴንቲ ሜትር ውሃ ሳይበልጥ። ከዚያ በላይ ጨጓራ ይከፈታል፤ የተነፋ ጨጓራ ደግሞ ድያፍራሙን መልሶ ይገፋዋል። ሆዳቸው ሙሉ ለሆኑት ታካሚዎችም ሳቹሬሽኑ እየወረደ “ባግ አይደረግም” ብሎ መቆም ትክክል አይደለም፤ በዚሁ ዝቅተኛ ግፊት ስጡ።

የመጀመሪያው ሙከራ ሲከሽፍ። ያለ አንዳች ለውጥ ሁለተኛ አትሞክሩ። አቀማመጡን፣ ምላጩን ወይም የሚሠራውን ሰው ቀይሩ፣ ቡጂ ያዙ። በመካከሉ ሁልጊዜ በማስክ መልሳችሁ ሙሉ። ከሦስት በላይ አትሂዱ። ኤልኤምኤ አስገብታችሁ ኦክስጅን ከገባ ቆም በሉና አስቡ፤ ታካሚውን መቀስቀስም አንዱ መንገድ ነው። በማስክም በኤልኤምኤም በቱቦም ካልገባ ምልክት ባደረጋችሁበት አንገት ላይ ስካልፔል፤ ቦታው በጣት ካልተገኘ በአንገቱ መሃል በቁመት 8 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ቁረጡ፣ በጣት ፈልጉ፣ ቡጂ፣ ከዚያ ቁጥር 6 ቱቦ።

ቱቦው ከገባ በኋላ

ካፕኖግራፍ ከሌለ ሆድና ሁለቱን ደረት አዳምጡ፤ ወፍራም ደረት ላይ ድምፅ ያታልላልና ምላጩን አስገብታችሁ ቱቦው በድምፅ አውታሮቹ መካከል ማለፉን በዓይን ድገሙ። ደህና ፕሪኦክስጅኔት የተደረገ ታካሚ ቱቦው ጨጓራ ውስጥ ሆኖም ለአንድ ሁለት ደቂቃ 100 ያሳያል፤ ይህ የጥሩ ሥራ መጥፎ ጎኑ ነው።

ንጹሕ ኦክስጅን ናይትሮጅኑን ስላወጣው የሳንባው ታችኛ ክፍል ቶሎ ይሟሽሻል። ግፊቱ ደህና ከሆነ 40 ሴንቲ ሜትር ውሃ ለ8 እስከ 10 ሰከንድ ያዙ፣ ወዲያው ፒፑን 8 እስከ 10 አድርጉት። ፒፑ ካልተከተለ ወዲያው ይከደናል። የደም ግፊት ከወረደ ልቀቁ። ከዚያ ኦክስጅኑን ሳቹሬሽን 94 እስከ 96 እስከሚሆን ቀንሱ፤ ቲዳል ቮልዩሙ (የአንድ ትንፋሽ መጠን) ከቁመት በሚሰላ ክብደት ከ6 እስከ 8 ሚሊ ሊትር በኪሎ፣ በ105 ኪሎ ተባዝቶ አይደለም።

ማስነሣቱም እንዲሁ ነው። ራምፑ አይፈርስም። ፍሰቱን ከፍ አድርጋችሁ በ100 በመቶ ኦክስጅን ቢያንስ 3 ደቂቃ፤ ጡንቻ ማላያው በኒኦስቲግሚንና በአትሮፒን ተገላብጦ፣ ራሳቸውን ለ5 ሰከንድ ቀና አድርገው፣ “ዓይንዎን ይክፈቱ” ሲባሉ ሰምተው ነው ቱቦው የሚወጣው። ከዚያ ቁጭ ብለው ማስክ ወይም የአፍንጫ ካኑላ። ዋርድ ለምትረከበው ነርስ የሚነገረው፦ ሌሊቱን ራስጌው 30 ዲግሪ ይሁን፣ ሞርፊን ወይም ፔቲዲን ሲሰጥ ኦክሲሜትሩ አይነሣ፣ እንቅልፍ ላይ ካንኮራፉና ትንፋሻቸው ከተቆረጠ ይቀስቀሱ፤ አስታማሚዎቹም ጋቢ እስከ ፊታቸው ድረስ አያልብሷቸው።